ገደቡ ከዋጋው ጎን

ማስታወቂያው የወጣው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1976 በአሪዞና ሪፐብሊክ ጋዜጣ ላይ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያወጡት ጆን ቤትስና ቫን ኦስቲን የሚባሉ ሁለት የፊኒክስ ከተማ ጠበቆች ናቸው። አናቱ ላይ ጥያቄ አለ፤ ጠበቃ ያስፈልግዎታል? ከሥሩ የሕግ አገልግሎት በጣም ተመጣጣኝ በሆነ ክፍያ እንደሚሰጥ ይናገራል። ቀጥሎ የዋጋ ዝርዝር ይመጣል። ግርጌው ላይ የቢሮው ስም፣ አድራሻና ስልክ ቁጥር ሰፍሯል።

አንድ የሙያ ድርጅት፣ የጠበቃም ይሁን የሒሳብ ባለሙያ፣ በኢንተርኔት ራሱን በታማኝነት ለማስተዋወቅ ምን ማድረግ አለበት ለሚል ሰው ከዚህች የጋዜጣ ቁራጭ የተሻለ ናሙና አላውቅም። የተሠራችው ኢንተርኔት በየቤቱ ከመግባቱ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። አሠራሯ ግን ዛሬ በስልክ ስክሪን ለምናየው ገጽም ያገለግላል። ስለዚህ መስመር በመስመር እንያት።

የመጀመሪያው መስመር ፍቺ ወይም ሕጋዊ መለያየት፣ ክርክር የሌለበት ይላል። ወዲያው በቅንፍ፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ወረቀቱን የሚፈርሙ ከሆነ ብሎ ይጨምራል። ከዚያ ዋጋው፤ 175 ዶላር፣ ሲደመር 20 ዶላር የዳኝነት ክፍያ።

አገልግሎቱ ተሰይሟል። የሚያበቃበት ድንበር ተሰምሯል። የጠበቃው ድርሻ ተቆርጦ ተነግሯል። የፍርድ ቤቱ ድርሻ ለብቻው ወጥቷል። አሁን ቅንፉን አውጥተን እናንብበው። ቁጥሩ አይለወጥም፤ መስመሩ ግን አሳሳች ይሆናል። አንደኛው ወገን አልፈርምም ያለበት ፍቺ በ175 ዶላር አያልቅምና። ክርክር የሌለበት የሚለው የፍርድ ቤት አነጋገር ነው፤ ጋዜጣ ገዝቶ የሚያነብ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ላይገባው ይችላል። ቅንፉ ያንን አነጋገር በዓይን ወደሚታይ ድርጊት አወረደው። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ወረቀት፣ ሁለት ፊርማ። አንባቢው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጉዳዩ በዚህ ዋጋ ውስጥ ይግባ አይግባ ለይቶ ያውቃል። ለማወቅ መደወል አያስፈልገውም።

ሁለተኛውን መስመር ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ቀላልና ክርክር የሌለበትን ፍቺ ራስዎ መጨረስ ከፈለጉ የፍርድ ቤቱን ወረቀቶች በሙሉ አዘጋጅተን፣ አካሄዱን በጽሑፍ አሳይተን፣ 100 ዶላር ይላል። ጠበቃው ያለ እሱም መሄድ እንደሚቻል በገዛ ማስታወቂያው ላይ እየተናገረ ነው። ያውም ከሚያተርፍበት መስመር ቀጥሎ፣ በዚያው የፊደል መጠን። 175 እና 100 አንዱ ከሌላው ሥር ሲቀመጡ አንባቢው ጠበቃው አብሮት መቆሙ ስንት እንደሚያወጣ ያውቃል፤ 75 ዶላር። ይህን ልዩነት ማንም አልነገረውም። ሁለቱን ቁጥሮች አጠጋግቶ የደረደረው እጅ እንዲታይ አደረገው።

የጉዲፈቻው መስመር 225 ዶላር፣ ሲደመር በግምት 10 ዶላር የማሳወጃ ወጪ ይላል። በግምት የሚለውን አስተውሉ። የዳኝነት ክፍያው ላይ ይህ ቃል የለም፤ የዳኝነት ክፍያ በተመን የተወሰነ ነው። የማሳወጃው ወጪ ግን ከጠበቃውም ከፍርድ ቤቱም እጅ ውጪ ነው። ስለዚህ እርግጡ እንደ እርግጥ፣ ግምቱ እንደ ግምት ተጻፈ። ለ10 ዶላር ይህን ያህል መጠንቀቅ የሠራተኛውን ልማድ ያሳያል።

የዕዳ ኪሳራ አቤቱታው ሁለት ረድፍ አለው። ለአንድ ሰው 250 ዶላር፣ ሲደመር 55 የዳኝነት ክፍያ። ለባልና ሚስት 300 ዶላር፣ ሲደመር 110። ሰው ሲጨመር የጠበቃው ክፍያ በ50 ዶላር ብቻ አደገ፤ የፍርድ ቤቱ ግን እጥፍ ሆነ። ሁለቱ ተደምረው 305 እና 410 ተብለው ቢጻፉ ኖሮ ጭማሪው በሙሉ የጠበቃው ይመስል ነበር። ተለይተው ስለተጻፉ ባልና ሚስቱ ገንዘባቸው ለማን እንደሚሄድ ያያሉ። ስም ማስቀየር 95 ዶላር፣ ሲደመር 20 የዳኝነት ክፍያ። ዝርዝሩ እዚህ ያበቃል።

በማስታወቂያው ውስጥ በቁጥር የማይለካ ሐረግ አንድ ብቻ ነው፤ በጣም ተመጣጣኝ የሚለው። እኔ ብሆን አወጣው ነበር። ከሥሩ የተደረደሩት ቁጥሮች ሥራውን ይሠሩለታል።

ዝርዝሩ እንዲህ ጠባብ የሆነው በምክንያት ነው። ቤትስና ኦስቲን በ1972 የጥብቅና ፈቃድ ሲያገኙ መጀመሪያ የገቡት ለድሆች ነፃ የሕግ ድጋፍ በሚሰጥ ማኅበር ነው። በማርች 1974 ከዚያ ወጥተው የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ። ያሰቡት ነፃውን ድጋፍ ለማግኘት ገቢው ከፍ ያለ፣ የተለመደውን የጠበቃ ዋጋ ለመክፈል ደግሞ አቅም ያነሰውን ሰው ነበር። ተደጋጋሚ ጉዳዮችን ብቻ ይይዙ ነበር። ረዳቶች፣ አውቶማቲክ የጽሕፈት መኪናና አንድ ወጥ ቅጾች ነበሯቸው። ከአንዱ ጉዳይ የሚገኘው ትንሽ በመሆኑ ብዙ ጉዳይ ያስፈልጋቸው ነበር። ሁለት ዓመት ሠርተው ዋጋቸውን ካላስነገሩ ቢሮው እንደማይዘልቅ ተረዱ። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው እንግዲህ ቢሮው በእርግጥ በየቀኑ የሚሠራው ነው። ያልለመዱትን አልጻፉም።

የአሪዞና የጠበቆች ደንብ ግን እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ክልክል ነው ይል ነበር። ሁለቱም ደንቡን መጣሳቸውን አልካዱም። ጉዳዩን የሰማው ኮሚቴ ቢያንስ ለስድስት ወር ከሥራ ይታገዱ አለ። የአሪዞና የጠበቆች ማኅበር ቦርድ ቅጣቱን ለእያንዳንዳቸው ወደ አንድ ሳምንት አወረደው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወቀሳ ይበቃቸዋል አለ። ጁን 27 ቀን 1977 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ፣ ዳኛ ሃሪ ብላክመን በጻፉት ውሳኔ፣ ለመደበኛ አገልግሎቶች እውነተኛ ዋጋ ማስነገርን ጨርሶ መከልከል አይቻልም ብሎ ፈረደ።

ውሳኔው ማስታወቂያዋን የመረመረበት መንገድ ራሱ የጥሩ እጅ ሥራ ነው። ፍርድ ቤቱ በጣም ተመጣጣኝ የሚለውን ሐረግ አንሥቶ ከገበያው ጋር አስተያየው። በፊኒክስ ክርክር ለሌለበት ፍቺ የተለመደው ክፍያ ከ150 እስከ 300 ዶላር መሆኑን የማኅበሩ ጠበቃ በቃል ክርክሩ ላይ ተናግሯል። ማኅበሩ ራሱ ባቋቋመው የአገልግሎት ፕሮግራም ዋጋው 250 ነበር። በዚህ መካከል 175 ሲቀመጥ ሐረጉ ይቆማል። ስም ለማስቀየር ጠበቃ እንደማያስፈልግ አልተጻፈም የሚል ተቃውሞም ቀርቦ ነበር። ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን የሕግ ሥራ ዜጋው ራሱ ሊሠራው ይችላል፤ ይህን አለመጻፍ ማሳሳት አይደለም አለ። ስለ አገልግሎት ጥራት የሚነገረውን ነገር ግን አልነካውም፤ ያ ለመለካት አስቸጋሪ ነውና ወደፊት ገደብ ሊያስፈልገው እንደሚችል ጠቅሶ አለፈው።

ከ8 ዓመት በኋላ የመጣው የዛውደረር ጉዳይ የአንዲት የጎደለች መስመርን ክብደት ያሳያል። ፊሊፕ ዛውደረር በኦሃዮ ግዛት ኮሎምበስ ከተማ የሚሠራ ጠበቃ ነበር። ዳልከን ሺልድ በተባለው የወሊድ መከላከያ ሉፕ የተጎዱ ሴቶችን የሚመለከት ማስታወቂያ በጋዜጦች አወጣ። የሉፑ ሥዕል ነበረበት፤ ይህን ተጠቅመው ያውቃሉ? የሚል ጥያቄም አብሮ ነበር። በማስታወቂያው መነሻ ለ106 ሴቶች ክስ መሠረተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985 ሥዕሉን ነፃ አወጣው። ሥዕሉ የዕቃው ትክክለኛ ምስል ነበር። ሴትዮዋ በሕክምና ስሙ የማታውቀውን ዕቃ በቅርጹ ታውቀዋለች። ሥራ ያለው ሥዕል ነው።

ዛውደረር የተያዘው በሌላ ነው። ማስታወቂያው ካልተፈረደልዎ የጠበቃ ክፍያ የለብዎትም ይላል። እውነት ነው። ግን በአሜሪካ የክስ ሒደት የጠበቃ ክፍያ አንድ ነገር ነው፤ የክስ ወጪ፣ ማለትም የዳኝነት ክፍያ፣ የባለሙያ ምስክር፣ የሰነድ ማውጫ፣ ሌላ ነገር ነው። የተሸነፈች ደንበኛ ይህንን ወጪ ልትጠየቅ ትችላለች። ማስታወቂያው ይህን አላለም። ፍርድ ቤቱ በዚህ የተሰጠውን ተግሣጽ አጸና። የቤትስና ኦስቲን መስመር ላይ 20 ዶላሩ ለብቻው መውጣቱ ምን ያህል ትክክል እንደነበር ያኔ ይገባል። አንዱ ሁለቱን ክፍያዎች ለየ፤ ሌላው አንዱን ጠርቶ ስለ ሌላው ዝም አለ።

የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የሞዴል ደንብ ቁጥር 7.1 ዛሬ ይህንኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዞታል። ሐሰት መናገር ብቻ አይደለም፤ የተነገረውን ነገር ከማሳሳት የሚያድነውን ፍሬ ነገር መተውም ጥፋት ነው። የሀገር ልብስ የሚያይ ሰው ጫፉን ገልብጦ ጥለቱ ከሸማው ጋር አብሮ የተሸመነ ይሁን በኋላ የተሰፋ እንደሚለይ፣ እኔም የድርጅት ገጽ ስከፍት መጀመሪያ የማየው ገደቡ ከተስፋው ጋር አብሮ መጻፉን ነው። ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ግራጫ ፊደል የተሰበሰበ ማሳሰቢያ በኋላ የተሰፋ ነው። የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው የኢንተርኔት ማስታወቂያ መመሪያ ማሳሰቢያው በተቻለ መጠን ከሚመለከተው ቃል አጠገብ ይቀመጥ ይላል። ዋጋን የሚመለከት ከሆነም ሊንክ ተጭኖ እንዲፈለግ አይደረግ ይላል። በስልክ ስክሪን ላይ አጠገብ ማለት ጣት ሳይንሸራተት የሚታይ ማለት ነው።

እስቲ በዋሽንግተን አካባቢ ለሐበሻ ደንበኞች በኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚሠራ የአንድ ጠበቃ ቢሮ ገጽ እንሥራ። ቢሮው የምናብ ነው፤ ደንቦቹና የመንግሥት ተመኖቹ ግን በእርግጥ ያሉ ናቸው።

የዜግነት ማመልከቻን እንውሰድ፤ ኤን 400 የሚባለውን ቅጽ። የቤትስና ኦስቲንን አሠራር ብንከተል መስመሩ እንዲህ ይሆናል። የዜግነት ማመልከቻ፣ ግሪን ካርድ ካገኙ ወዲህ ታስረው ወይም ተከሰው የማያውቁ፣ በአንድ ጉዞም ከስድስት ወር በላይ ከአሜሪካ ውጪ ያልቆዩ ከሆነ። ከዚያ የጠበቃው ክፍያ በቁርጥ። ከዚያ ለብቻው የመንግሥት ክፍያ፤ ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ በዋለው ተመን በኦንላይን 710 ዶላር፣ በወረቀት 760 ዶላር። ገቢው ከተወሰነው ጣሪያ በታች የሆነ ሰው በ380 ዶላር ማመልከት እንደሚችል እዚያው ይጻፋል። መጨረሻ ላይ፣ ቅጹ ከመንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ስለሚገኝ ራስዎ መሙላት ይችላሉ።

የእስሩና የስድስት ወሩ ነገር የፍቺውን ቅንፍ ቦታ ይዟል። ከስድስት ወር በላይ ውጪ የቆየ ሰው የተከታታይ ነዋሪነት ጥያቄ ይነሣበታል፤ የእስር መዝገብ ያለበት ሰው ደግሞ ከማመልከቱ በፊት ምክር ያስፈልገዋል። እናቱን ለማስታመም አዲስ አበባ ስምንት ወር የተቀመጠ ሰው ይህን መስመር ሲያነብ በዚህ ዋጋ እንደማያልቅለት ወዲያው ያውቃል። ተመኑ የዋለበት ቀን የተጻፈው የመንግሥት ክፍያ ስለሚለወጥ ነው። ቀን የሌለው ቁጥር ትናንት እውነት የነበረ፣ ዛሬ ግን የማይታወቅ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ የጠበቃው ማንነት። የኢሚግሬሽን ሕግ የፌደራል ስለሆነ በአንዱ ግዛት ፈቃድ ያለው ጠበቃ በሌላው ግዛት ተቀምጦ በዚህ ዘርፍ መሥራት ይችላል። ስለዚህ የቨርጂኒያ አድራሻ ያለው ጠበቃ ፈቃዱ የኒው ዮርክ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ገጽ ከስሙ ሥር ፈቃዱ የየት እንደሆነ፣ ሥራውም በፌደራል ኢሚግሬሽን ሕግ የተወሰነ መሆኑን ይጽፋል። ያንን ያነበበ ደንበኛ የቤት ኪራይ ክርክሩን ይዞ አይመጣም። ፈቃዱን ከግዛቱ መዝገብ ማየትም ይችላል። ይህ ለእኛ ማኅበረሰብ ትልቅ ነገር ነው። ፎርም እንሞላለን የሚል ሁሉ ጠበቃ አይደለም፤ በኢሚግሬሽን ጉዳይ የሕግ ምክር መስጠት የሚችሉት ጠበቆችና ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና ያገኙ ተወካዮች ናቸው። የተመሰከረለት ስፔሻሊስት ነኝ የሚል ጠበቃም ምስክርነቱን የሰጠውን ድርጅት ስም እዚያው በግልጽ እንዲጽፍ ሞዴል ደንብ 7.2 ያዘዋል።

ስላሸነፏቸው ጉዳዮች መጻፍ ከሁሉ ይከብዳል። እውነት የሆነ ድል ራሱ ሊያሳስት ይችላል። የጥገኝነት ጉዳይ በሰውየው ታሪክ፣ በማስረጃው፣ በአገሩ ሁኔታ፣ በዳኛው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያንዱ መሳካት ለሌላው የሚናገረው ጥቂት ነው። የኒው ዮርክ የጠበቆች ደንብ ያለፈ ውጤት ለወደፊቱ ዋስትና እንደማይሆን አብሮ እንዲጻፍ ያዛል። እኔ ግን ከዚያ አንድ እርምጃ የሄደውን አሠራር እመርጣለሁ። ውጤቱን ትቶ ሥራውን ይግለጽ። ማመልከቻው በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት እንዳለበት፣ የምስክር ቃል እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ሰነድ ማን እንደሚተረጉም። ይህ የማንንም ምስጢር አያወጣም። የጥገኝነት ጠያቂ ስምና ፎቶ ገጽ ላይ ሲወጣ አገር ቤት ያለ ቤተሰብም አብሮ ይወጣል።

የኒው ዮርክ ደንብ ሌላም ድንቅ አንቀጽ አለው። ድረ ገጽ ለሰው ዓይን የማይታይ ጀርባ አለው፤ የፍለጋ ሞተር የሚያነባቸው ሜታ ታግ የሚባሉ የተሰወሩ ጽሑፎች። ደንቡ፣ ቢታዩ ኖሮ ደንቡን የሚጥሱ ስውር ኮዶችን መጠቀም ይከለክላል። መለኪያው ቀላል ነው። ጀርባውን ወደ ፊት ገልብጠህ አንብበው። ፊት ለፊት ላይ ምርጡ ጠበቃ ብለህ ለመጻፍ ካልደፈርክ ጀርባውም ላይ አትጻፈው። የሌላ ጠበቃን ስም እንደ ፍለጋ ቃል ገዝቶ የእሱን ፈላጊ ወደ ራስ መሳብንም የሰሜን ካሮላይና የጠበቆች ማኅበር በ2012 ባጸደቀው የሥነ ምግባር አስተያየት ከሐቀኝነት ውጪ ብሎታል። ሁሉም ግዛት እንዲህ አይልም። እኔ ግን በዚህ ከሰሜን ካሮላይና ጋር ነኝ። የሰው ስም ጽፎ የፈለገ ሰው ያንን ሰው ነው የፈለገው።

እዚያው የኒው ዮርክ ደንብ ውስጥ ጠበቃው የድረ ገጹን ቅጂ እንዲያስቀምጥ ታዟል። ገጹ መጀመሪያ ሲወጣ፣ ጉልህ ለውጥ ሲደረግበት፣ ያም ባይሆን ቢያንስ በየ90 ቀኑ። ጋዜጣ ላይ የወጣ ማስታወቂያ ራሱን ያስቀምጣል፤ የ1976ቱን ዛሬ ማንበብ የቻልነው ለዚህ ነው። ድረ ገጽ ግን ማታ ተለውጦ ሊያድር ይችላል። ደንበኛው ያኔ እንዲህ ይል ነበር ሲል የሚታይ ነገር ያስፈልጋል። በየ90 ቀኑ ቅጂ የሚያስቀምጥ ቢሮ ለቃሉ ቀን ይቆርጣል።

አሁን ደንበኛው የሚሞላው ቅጽ። ብዙ ገጾች ላይ አንድ ሰፊ ሣጥን ይቀመጥና ጉዳይዎን ይንገሩን ይባላል። ሰውየው እኩለ ሌሊት ላይ ተቀምጦ የታሰረበትን፣ የሸሸበትን፣ የገባበትን መንገድ ሁሉ ይጽፋል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2010 ባወጣው አስተያየት ቁጥር 10-457 ገጹ መረጃ እንዲላክለት ከጋበዘና በቂ ማስጠንቀቂያ ካልሰጠ ጠበቃው ለዚያ ሰው ግዴታ ሊኖርበት እንደሚችል አስታውቋል። የላከው ሰው ተቃራኒ ወገን አስቀድሞ የቢሮው ደንበኛ ቢሆንስ? ጠበቃው ማወቅ የሌለበትን አወቀ ማለት ነው።

በጥንቃቄ የተሠራ ቅጽ እንግዲህ ከሣጥኖቹ ቅደም ተከተል ይታወቃል። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያው ይመጣል፤ ይህን ቅጽ በመላክዎ ብቻ ጠበቃዎ አንሆንም፣ እስክንደውል ድረስ ምስጢር አይጻፉ። ይህ ከመላኪያው በተን በኋላ ከሆነ ዋጋ የለውም። ቀጥሎ ስም፣ ስልክ፣ የሚመች ሰዓት። ከዚያ የተቃራኒ ወገን ስም ካለ፣ የጥቅም ግጭት ለማጣራት። ከዚያ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ካለ ቀኑ፤ ይህ ሊያልፍ የሚችል ነገር ነውና። የጉዳዩ ዓይነት ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመረጣል። ታሪክ የሚጻፍበት ሣጥን የለም። በዚህ ቅጽ ላይ ያለው ትልቁ ሥራ የተተወው ሣጥን ነው።

ስለ ኮከብና አስተያየት አጭር ልሁን። ኦክቶበር 21 ቀን 2024 በጸናው የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ የሐሰት አስተያየት መግዛትም ሆነ መሸጥ፣ ጥሩ ብቻ ጻፍልኝ ብሎ ገንዘብ መስጠትም ያስቀጣል። ደንቡ ለማንኛውም ንግድ ነው። ጠበቃን ለብቻው የሚፈትነው መጥፎ አስተያየት ሲጻፍበት የሚሰጠው መልስ ነው።

ደንበኛው ገንዘቤን በልቶ ጉዳዬን አበላሸ ብሎ ጻፈ እንበል። ጠበቃው ደንበኛው ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ቀርቶ እንደነበር ያውቃል። ማስረጃው በእጁ ነው። ሊጽፈው ግን አይችልም። ጃንዋሪ 2021 የወጣው የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር አስተያየት ቁጥር 496 እንደሚለው በኢንተርኔት የተጻፈ ትችት የደንበኛን ምስጢር ለማውጣት ምክንያት አይሆንም። የተተወለት መንገድ ጥቂት ነው። ድረ ገጹ አስተያየቱን እንዲያነሣ መጠየቅ፣ ዝም ማለት፣ ጸሐፊውን በግል እንዲያነጋግረው መጋበዝ፣ ወይም የሙያ ግዴታዬ እዚህ እንድመልስ አይፈቅድልኝም ማለት።

ከዚህ የተሠራ መልስ እንዲህ ሊሆን ይችላል። አስተያየትዎን አንብበናል። የሙያ ግዴታችን እዚህ ላይ ስለ ማንም ሰው ጉዳይ እንድንናገር አይፈቅድልንም። ቢሮአችን ቢደውሉልን ደስ ይለናል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ስለ ማንም ሰው ማለቱን ልብ ይበሉ። ስለ እርስዎ ጉዳይ ቢል ጸሐፊው ደንበኛው እንደነበር ያረጋግጥ ነበር፤ ያ ራሱ ምስጢር ሊሆን ይችላል። ክሱ አልተካደም፣ አልታመነም። ሌላው አንባቢ፣ ገና ጠበቃ የሚያፈላልገው ሰው፣ ይህን ሲያነብ የእሱም ነገር በዚህ ቢሮ እንደማይወጣ ያያል።

የመጨረሻው ነገር የገጹ ቋንቋ ነው። በአማርኛ የሚጽፍ የጠበቃ ቢሮ ዋጋውንና ተስፋውን በአማርኛ አስቀምጦ ማሳሰቢያውን በእንግሊዝኛ ከተወው፣ ሸማውና ጥለቱ ተለያዩ። የፍሎሪዳ የጠበቆች ደንብ 4-7.12 ይህን አይቶታል። በደንቡ የሚፈለግ ማንኛውም ቃል ማስታወቂያው በተጻፈበት ቋንቋ ይጻፍ፤ ማስታወቂያው በብዙ ቋንቋ ከሆነም በእያንዳንዱ ይጻፍ ይላል።

በሌላው ግዛት ያላችሁ አማርኛ ተናጋሪ ጠበቆችም ማንም ሳያዛችሁ እንዲሁ አድርጉ። ሪልስ ወይም ቲክቶክ ላይ ስትናገሩም የጠበቃ ክፍያውን ከመንግሥት ክፍያው ለይታችሁ፣ ዋጋው የማይጨምረውን እዚያው፣ በዚያው ድምፅ ተናገሩ። ጠበቃ የሚፈልጉ አንባቢም የቢሮውን ገጽ ሲከፍቱ ሦስቱን ይፈልጉ፤ ዋጋው ምን ያጠቃልላል፣ ምን አያጠቃልልም፣ ፈቃዱ የየት ግዛት ነው። ገጹ ላይ ካላገኙት ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።